በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ

ሰፈሩ በሙሉ ብልጭታ ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ሚስቱና ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ ናቸው። ቅጽል ስሙ የወጣለት በወጣትነቱ ነው። ሰው ቤት ገብቶ ቴሌቪዥን ከጠገነ በኋላ ቀኝ እጁን ዘርግቶ፣ ጣቶቹን በሰፊው ከፍቶ በስክሪኑ ፊት ያራግብ ነበር፤ ግራና ቀኝ፣ ግራና ቀኝ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ። ባለቤቶቹ «ምን እያደረግክ ነው?» ሲሉት «ብልጭታውን እያየሁ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ብልጭታ ሆኖ ቀረ። ቀልድ የሚወዱት ደግሞ «ጠግኖ ሲጨርስ ይባርከዋል» ይሉ ነበር። እሱ አልተቆጣም። የሚያፌዝብህ ሰው ቴሌቪዥኑ ሲበላሽ የሚመጣው አንተው ዘንድ ነው።

ትምህርቱን ያቋረጠው ከስድስተኛ ክፍል ነው። አባቱ ሲሞት ከአምስት ልጆች ትልቁ እሱ ነበር፤ አባት ሲሞት ደግሞ የትልቁ ልጅ ልጅነት አብሮ ይቀበራል። እናቱ እጁን ይዛ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችውና «ያበላሸውን ያህል ይግረፉት» ብላ አስረከበችው። ሁለት ዓመት ብሎን ሲለቅም፣ አቧራ ሲጠርግ፣ ካቻቢቴ ሲያቀብል ቆየ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሽማግሌው ገና የጠገኑትን ቴሌቪዥን ከፈቱት። የኳስ ጨዋታ ነበር።

«እስቲ ንገረኝ፤ ኳሷ ትንቀሳቀሳለች?» አሉት።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አትንቀሳቀስም።»

«እንዴ! ይኸው እየሮጠች እኮ ነው።»

«እዚህ ሳጥን ውስጥ የሚሮጥ ነገር የለም። እንደ መርፌ የቀጠነ አንድ ጨረር አለ። ከላይ እስከ ታች እየተመላለሰ መስመር ያሰምራል፤ መስመሩ ሲሞላ ሥዕል ይሆናል። ሥዕሉ ወዲያው ይጠፋል፤ ሌላ ይሥላል። እሱም ይጠፋል። በአንድ ሰከንድ ሃምሳ ጊዜ! ሥዕሎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው የቆሙ ናቸው። ኳሷን የምታስሮጣት አንተ ነህ።»

«እኔ?»

«አንተ። በዚህ ባዶ ጭንቅላትህ ውስጥ።»

ልጁ ሳቀ። ሽማግሌው ግን እጁን ይዘው ስክሪኑ ፊት አወዛወዙት። ያን ጊዜ ሳቁ ከአፉ ላይ ደረቀ። እጁ አምስት ጣት ብቻ ነበረው፤ በብርሃኑ ፊት ግን አሥራ አምስት፣ ሃያ ጣት ተደርድሮ አየ፤ እያንዳንዱ በየቦታው እንደ ችካል ቆሞ። መብራቱ ሳያቋርጥ የሚበራ ቢሆን ኖሮ ጣቱ እንደ ጭስ ተድበስብሶ ባለፈ ነበር። ብልጭ ባለ ቁጥር ግን አንድ ጣት ተይዞ ይቀራል። በዚያ ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያልፈውን ብስክሌት፣ የሚሮጠውን ውሻ፣ ሽንኩርት የተሸከመችውን ሴትዮ ዓይኑን እያርገበገበ አያቸው። የትኛው ነው ዓይኑ ያየው፣ የትኛው ነው ጭንቅላቱ የፈጠረው? መልስ አላገኘም። አርባ ምናምን ዓመት ሆነው፤ አሁንም አላገኘም።

ሚስቱ ይህን ስታስታውስ ሁልጊዜ ትስቃለች። «መጀመሪያ ያየኸኝ ጊዜ እኮ ዓይንህን ስታርገበግብ ነበር። እኔ ሞኟ ጠቀሰኝ ብዬ ደነገጥኩ።»

«ሥዕል መሆንሽን ላረጋግጥ ነበር።»

«ታዲያስ?»

«አልቆራረጥ ብለሽኝ አገባሁሽ።»

«እንዲህ እያልክ ነው ያሞኘኸኝ» ትለዋለች፤ ግን ታሪኩን ደጋግማ የምታስነግረው እሷው ናት።

ሥራው ጥሩ ዓመታት ነበሩት። ሱቁ ውስጥ ጀርባቸው ያበጠ ቴሌቪዥኖች ተራቸውን እየጠበቁ እስከ ጣሪያ ይደረደሩ ነበር። ከዚያ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን፣ ፍላቱ መጣ። ፍላት ቶሎ አይበላሽም፤ ሲበላሽ ደግሞ ይጣላል እንጂ አይጠገንም። ደንበኛው አንድ በአንድ ቀረ። ብልጭታ አላጉረመረመም፤ ዘመን ሲያልፍ ሰው ይዞ ያልፋል፣ ሌላ ምን ይደረጋል። አንድ ያገለገለ ኮምፒውተርና አንዲት ትንሽ የቅጂ ሳጥን ገዛ። የድሮ የቪዲዮ ካሴቶችን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ጀመረ። ሠርግ፣ ልደት፣ ምርቃት፤ የሰው ቤት ደስታ ሁሉ በየተራ በጠረጴዛው ላይ አለፈ።

በመጀመሪያው ሰሞን ደንበኞች ቅር ብሏቸው ነበር። «ሙሽራዋ እጇን ስታወዛውዝ እጇ ማበጠሪያ ሆነ እኮ!» እውነትም በኮምፒውተር ሲታይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ጠርዙ ጥርስ ያወጣል። ብልጭታ ኮምፒውተሩን ሲነካካ አንዲት ምርጫ አገኘ፤ ምልክት ሲያደርግባት ጥርሱ ጠፋ። ምስሉ እንደ ብርጭቆ ጠራ። ደንበኞቹ መረቁት። ምልክቷን ከዚያ ወዲህ አልነካትም፤ ስምንት ዓመት ሙሉ እንደተደረገባት ቀረች። ገልብጦ ሲጨርስም ለሁሉም የሚላት አንዲት ነገር ነበረችው፦ «ከእንግዲህ ካሴቱን ጣሉት፤ ቤት ውስጥ ሻጋታ ከማፍራት በቀር አይጠቅማችሁም።» አብዛኞቹ እዚያው ጥለውለት ይሄዱ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት እህትማማቾች ወደ ሱቁ መጡ። ታላቅየዋን ያውቃታል፤ ከመንገዱ ማዶ ልብስ ሰፊ ናት። ታናሽየዋ እዚያው አብራት ቁልፍ ትተክላለች፤ ሰባት ዓመቷ ላይ በኃይለኛ ትኩሳት ጆሮዋን ያጣች፣ ከሰው ከንፈር ላይ ነገር የምታነብ ዝምተኛ ሴት ናት። የሰባት ዓመት ልጅ ያህል ቋንቋ ከመደንቆሯ በፊት ይዛ ስለነበር መናገር ትችላለች፤ ግን ድምፅዋን ስለማትሰማው ታፍርበታለች፤ ከቤት ውጭ ብዙ ጊዜ በእጅዋ ነው የምታወራው። እናታቸው የሞተችው ዓምና ነው። በዚያው ሰሞን የታላቅየዋን የሠርግ ካሴት የገለበጠላቸው ብልጭታ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... እህቴ አንድ ነገር ትላለች። እኔ እንኳ አልገባኝም።»

«ምን ትላለች?»

«የእማዬ ከንፈር ይዋሻል ትላለች።»

ብልጭታ ቅር አለው። በሥራው ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያላቅቅ «ይቺ ልጅ ሐዘኑ ጭንቅላቷን ነክቷት ይሆን እንዴ?» አላት።

«አልነካኝም» አለች ታናሽየዋ ጮክ ብላ። ድምፅዋ ወፍራምና አንድ ወጥ ነበር። «ጢም ባይኖርዎት ደግሞ ጥርት አድርጌ ነበር የማነበው።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ብልጭታ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «የኔ ልጅ፣ ይቅር በዪኝ። በይ ተቀመጪ። ነገሩን ከሥሩ ንገሩኝ።»

ከሥሩ የነገረችው ታላቅየዋ ናት፤ ታናሽየዋ እየተቆጣጠረች፣ ስትሳሳትም ክንዷን እየመታች። ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት፣ በታላቅየዋ ሠርግ ቀን ቤተሰቡ ለፎቶ ሊሰለፍ ሲል ታናሽየዋ ከቪዲዮ ቀራጩ አጠገብ ቆማ ነበር። እናቷ ከማዶ አየቻትና በእጇ ወደ ጓዳ አመለከተቻት፤ ግቢ ማለቷ ነው። እሷም ከእንግዶቹ ልትሸሽጋት፣ ከፎቶው ልታስቀራት መስሏት ፊቷን አዞረች። መስማት የተሳነው ሰው ፊቱን ካዞረ ደግሞ ጆሮውን እንደደፈነ ነው። እናቷ በጀርባዋ ምን እንዳለች አላየችም። ወጥታ ሄደች፤ ፎቶውም ያለ እሷ ተነሳ። እናትና ልጅ ያንን ቀን አንድም ጊዜ ሳያነሱት አሥራ ስድስት ዓመት አብረው ኖሩ፤ እናት ሞተች።

«ካሴቱ ላይ አለች» አለች ታናሽየዋ፣ አሁንም በድምፅዋ። «እጇን ዘረጋች። እኔ ዞርኩ። እሷ ግን አላቆመችም። ታወራለች። ለኔ ነው የምታወራው፤ የምታየው እኔ የነበርኩበትን ነው።»

«ድምፁስ?» አለ ብልጭታ።

«ቀራጩ ዘፈን ጭኖበታል» አለች ታላቅየዋ። «የሚሰማ ጆሮ ያለንም አልሰማንም።»

«አሥራ ስድስት ዓመት ጠብቄ አልጠየቅኳትም» አለች ታናሽየዋ። «አሁን መጠየቅ የምችለው ይሄን ነው።» ፍላሹን በጣቷ ነካችው። «ደግ ትበል ክፉ፣ ያለችውን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ብልጭታ ፍላሹን በሱቁ ትንሽ ስክሪን ላይ ሰካው። ሠርጉ አለፈ፤ መጨረሻ አካባቢ እናትየዋ መጣች። አጠር ያለች፣ ደረቷ ሰፊ ሴት። እጇን ዘረጋች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አራት ሰከንድ ቢሆን ነው። ታናሽየዋ ጠጋ ብላ አየች፤ ግንባሯን ቋጠረች፤ ከዚያ ባልጠበቀው መንገድ ወደ እሱ ዞረች።

«እዚህ አይዋሽም» አለች። «እዚህ ይዘላል። ቤት ነው የሚዋሸው።»

ብልጭታ በእጁ የያዘው ካቻቢቴ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«ምን አልሽኝ?»

«እዚህ ከአፏ ላይ ይጎድላል። ቤት አይጎድልም፤ ግን እሷ ያላለችው ነው።»

«ቤት ያለው ቴሌቪዥን አዲስ ነው? ትልቅ? ሥዕሉ እንደ ቅቤ የሚለሰልስ?»

«አዎ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ «ምነው?»

ብልጭታ ተቀመጠ። አንዳንዱ አዲስ ፍላት ልማድ እንዳለው ያውቃል፤ በወረቀት ላይ ያነበበው ነገር ነው፣ በዓይኑ ግን ለይቶት አያውቅም። ስክሪኑ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይታደሳል፤ የሚሰጠው ምስል ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ በሁለት ምስሎች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ራሱ ገምቶ ይሞላዋል። ከንፈር እዚህ ተከፍቶ፣ እዚያ ተከፍቶ ካየ፣ መካከሉ ላይም የተከፈተ ከንፈር ይሥላል። መካከሉ ላይ ተዘግቶ የነበረ እንደሆነ በምን ያውቃል? ኳስ ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ይህች ሴት ግን ያለ መሣሪያ፣ ሳትማር፣ በባዶ ዓይኗ የሞተች እናቷን ከንፈርና ማሽን የፈጠረውን ከንፈር ለይታለች።

«ልጄ» አላት በዝግታ፣ ጢሙን በመዳፉ ወደ ታች ጫን አድርጎ፣ «ዓይንሽ ጉድ ነው።»

«ጆሮ ስለሌለኝ ነው» አለች እሷ፣ እንደ ምንም።

ቤት ያለውን እንዴት እንደሚያጠፉት ነገራቸው፤ ሪሞቱ ላይ ሴቲንግ ውስጥ አለ። ግን የእሱ ቅጂ ለምን ይዘላል? ያ የራሱ ነገር ነው። ኮምፒውተሩን ከፈተ። ምልክቷን አያት። ስምንት ዓመት ያልነካት ምልክት። ሽማግሌው ያስተማሩት ሁሉ አንድ ላይ ጭንቅላቱ ላይ ወረደ፤ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አንቺ ስፌት ታውቂያለሽ» አላት። «ስሚኝ። የድሮ ካሴት ላይ ሙሉ ሥዕል የለም። መጀመሪያ አንድ መስመር እየዘለለ ይሰፋል፤ ግማሽ ሥዕል ነው። ከዚያ ተመልሶ የዘለላቸውን መስመሮች ይሰፋል፤ ሌላ ግማሽ። ግን በሁለቱ መካከል ጊዜ አልፏል፤ ሰውዬው ተንቀሳቅሷል። ስለዚህ ሁለቱ ግማሾች ሁለት የተለያዩ ቅጽበቶች ናቸው። ገባሽ? በሰከንድ ሃምሳ ግማሽ፣ ሃምሳ ቅጽበት።»

«በአንድ ሰከንድ? የኔ መኪና አሥራ አምስት ስትሰፋ እንኳ አገር ይያዝልኝ ትላለች!»

«ኮምፒውተር ላይ ሁለቱን ስታጋጥሚያቸው አይገጥሙም፤ ጠርዙ ጥርስ ያወጣል። እኔ ደግሞ ጥርሱን ለማጥፋት...» ምልክቷን በጣቱ አሳያት። «ከሁለቱ አንዱን እየጣልኩት ነው። በሰከንድ ሃያ አምስቱን ጥዬዋለሁ። እኔ ጽዳት መስሎኝ ነበር።»

ታናሽየዋ ከንፈሩን ሳትለቅ አነበበችው። «'ማ' ስትል ከንፈር ይገጥማል» አለች። «'ባ' ስትልም። ትንሽ ነው የሚገጥመው፤ ከጥቅሻ ያነሰ። እሱ ከጠፋ ቃሉ ጠፋ።»

«እሱን ነው የጣልኩብሽ።»

«የጣልከው የት ነው?»

አንተ ስትለው ማንም ልብ አላለም። ብልጭታ አንገቱን ደፋ። ስንት ቤት ካሴት ጣሉ ብሎ መክሯል! ከቅጂው ላይ የተጣለው ተጥሏል፤ ወደ ኋላ የሚጠራው የለም። «ካሴቱ ላይ ነበር» አለ። «ግን ጣሉት ብያችሁ...»

ታናሽየዋ ቦርሳዋን ከፈተች። በልብስ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ካሴቱ ነው። ታላቅየዋ ራሷ ደነገጠች። «ጣልሽው አይደል እንዴ?»

«እማዬ ያለችበትን ነገር ቆሻሻ ውስጥ እጥላለሁ?»

ብልጭታ ካሴቱን ወደ ብርሃን አነሳው። የጥቅሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ በቅሏል፤ መጨረሻው ጋ፣ ልክ እናትየዋ ባለችበት አካባቢ፣ ክሩ ተጨማድዷል። እንዲህ ያለ ካሴት ማጫወቻው ዴክ ውስጥ ሲገባ ይላጣል ወይም ይበላል። አቁሞ፣ እየመለሰ፣ ደጋግሞ ማየት የሚባል ነገር የለም። «አንዴ ታልፍ ይሆናል» አላቸው። «አንዴ። ሁለተኛ ጊዜ ቃል አልገባም።»

«አንዴ ይበቃኛል» አለች ታናሽየዋ። «ሰውም የሚናገረው አንዴ ነው።»

ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራም። ካሴቱን ፈታ፤ ክሩን በጥጥና በአልኮል ክንድ ክንድ እያለ ጠረገ። ዴኩን ፈታትቶ አጸዳ፤ በሌላ ተራ ካሴት አሥር ጊዜ ፈተነው። ግማሾቹን ሳያጋጥምና ሳይጥል አንድ በአንድ የሚያሳየው ጀርባው ያበጠ ቴሌቪዥን ግን በሱቁ አልቀረም ነበር። ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቤት ነው፤ ባለቤቷም ሚስቱ ናት። ልጆቻቸው ፍላት ሊገዙላት ስንት ጊዜ ለምነዋት «ይሄ ጎባጣ ከአባታችሁ ቀጥሎ የለመድኩት ነው» ብላ እምቢ ያለች ናት።

ሐሙስ ከሰዓት እህትማማቾቹ ቤቱ መጡ። ሚስቱ መጋረጃውን ዘጋች፤ ወንበር አቀረበች፤ ማጉረምረሟን ግን አልተወችም።

«ድራማዬ የሚጀምረው በዚህ ሰዓት ነው።»

«አንድ ቀን ቢያልፍሽ አትሞቺም።»

«እኔማ አልሞትም፤ የምትሞተው ዋናዋ ተዋናይት ናት፤ ዛሬ ነበር የምትሞተው» አለች። ከዚያ የታናሽየዋን ፊት አየችና ቀልዷን ዋጠች። ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እጇንም በሁለት እጇ ያዘችላት።

ብልጭታ የቅጂ ሳጥኑን አብሮ ሊያገናኝ አስቦ ነበር፤ ተወው። ገመድ በበዛ ቁጥር ምስል ይደክማል፤ ዛሬ የሚደክም ምስል አልፈለገም። ካሴቱን ከተተው። ዴኩ አቃሰተ። ጎባጣው ቴሌቪዥን ጠቅ ብሎ በራ፤ ፊቱ ላይ ያለው አየር ፀጉር በሚያስቆም ሁኔታ ነዘረ። ሙሽራና ሙሽሪት፣ ጭብጨባ፣ የሰው ትከሻ። ምስሉ እንደ በረዶ ይንጠባጠባል፤ ቀለሙ ፈዟል። ሚስትየው በሆዷ፣ ይሄማ ከፍላሹ የባሰ ነው አለች። ብልጭታ ግን እጁን አላራገበም። ማየት አላስፈለገውም። በዚያ ፍዝ ብርሃን ውስጥ ጨረሩ እየተመላለሰ፣ አንዱን ዘልሎ አንዱን እየሰፋ፣ ተመልሶ የዘለለውን እየሰፋ፣ ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ያለፈውን እያንዳንዱን ቅጽበት አንድም ሳያስቀር እንደሚያወጣው ያውቃል። እሱ የጣላቸው ሁሉ እዚያ አሉ። የጣለውን ነገር መልሶ የሚያገኝ ስንት ሰው አለ?

ሥዕሉ ታጠፈ። ከላዩ ነጭ ሰንበር ወረደ። ዴኩ ጮኸ።

«ወይኔ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ብልጭታ ሁለት እጁን ወደ ዴኩ ዘረጋ፤ ግን አልነካውም። ሰንበሩ ወደ ታች ወረደ፤ ሥዕሉ ቀና አለ። እናትየዋ ቆማ ነበር።

እጇን ወደ ጓዳ ዘረጋች። ዓይኗ ከካሜራው በስተግራ ያለውን ሰው ተከተለ፤ ፊቷ ላይ እንደ መደናገጥ ያለ ነገር አለፈ፤ ልጅቷ ዞራለች ማለት ነው። ከንፈሯ ግን አልቆመም። ለማይሰማ ልጅ ጀርባ መናገር ምን ይባላል? እናት ግን ትናገራለች። ታናሽየዋ ዓይኗን አልጨፈነችም። የራሷ ከንፈር ያለ ድምፅ አብሮ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ የእናቷ ከንፈር ሲገጥም ገጠመ፣ ሲከፈት ተከፈተ። ብልጭታ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ እሷን አየ። ሁለት ፊት፣ አንድ አፍ። የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር አይቶ አያውቅም። ሽማግሌው «ኳሷን የምታስሮጣት አንተ ነህ» ያሉት ነገር አሁን ሌላ ሆኖ ታየው። የሞተችው ሴት በቆሙ ሥዕሎች ውስጥ ቆማለች፤ እንድትናገር የምታደርጋት ልጇ ናት።

አራቱ ሰከንድ አለቀ።

«ምን አለች?» አለች ታላቅየዋ። «እባክሽ፣ ምን አለች?»

ታናሽየዋ በእጇ አልተናገረችም። በዚያ በምታፍርበት ድምፅ፣ ቃል በቃል፣ ለሁሉም ተናገረች፦

«ጫማው ነው የሚያስነክስሽ፣ አይቼሻለሁ። ግቢና የኔን አድርጊ፤ አልጋው ሥር አስቀምጬልሻለሁ። ፎቶው ይጠብቅሻል። እኔን ማን ያየኛል።»

ታናሽየዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አዲስ ጫማ ነበር» አለች። «አቁስሎኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም ነበር።»

ቪዲዮው እየሄደ ነበር። የሚያቆመው ሰው አልነበረም። እናትየዋ ልጇ የሄደችበትን አቅጣጫ ትንሽ ጊዜ አየች፤ ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ በሰዎቹ መካከል ወደ ፎቶው ሰልፍ ሄደች። ካሜራው ወደ ኋላ ሸሸ። የብልጭታ ሚስት ናት መጀመሪያ ያየችው።

«እዩ፣ እዩ እግሯን!» አለች።

ባዶ እግሯን ነበረች። በዚያ ሁሉ ከረባትና ቀሚስ መካከል፣ በጠራራ መብራት፣ በባዶ እግሯ ሄዳ ከሙሽሮቹ ጎን ቆመች፤ ከጎኗም አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ትታለች። ፍላሹም ላይ ይህ ነበር። ብልጭታ ሲገለብጥ አይቶታል፤ ልብስ ሰፊዋ ስንት ጊዜ እያለቀሰች አይታዋለች። ሁሉም ፊቷን ሲያይ የኖረ ነው፤ እግሯን ያየ ግን አንድም አልነበረም።

«ጫማውን እኮ በማግስቱ ለመልስ መጥቼ አልጋ ሥር አገኘሁት» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እንባዋ እየወረደ። «ምነው እዚህ ጣልሽው ብዬ እማዬን ተቆጣኋት። ረስቼው ነው አለችኝ።»

ያን ጊዜ ታናሽየዋ ሳቀች። መጀመሪያ ለቅሶ መስሏቸው ነበር፤ ሚስትየው ልትደግፋት ትከሻዋን ያዘች። ግን ሳቅ ነው፤ ልክ የሌለው፣ ባለቤቱ የማይሰማው፣ ቤቱን የሞላ ሳቅ።

«ምን ሆንሽ?» አለች እህቷ። «ምን ያስቅሻል?»

ታናሽየዋ እግሯን አነሳችና አሳየቻቸው፤ ሰፊ፣ ረጅም እግር።

«የእማዬ ጫማ ሠላሳ ስድስት ነበር» አለች። «የኔ እግር ያን ጊዜም ሠላሳ ዘጠኝ ነው። ጓዳ ብገባ እንኳ ጫማው አይገባኝም ነበር እኮ!»